ጅቡ ሰምቶ እኛ ያልሰማነው

ነብር፣ ነብር አትበሉኝ። ነብር የገደለ ሰው ካማራችሁ ሰቆጣ ገበያ ውጡ፤ በየጠላ ቤቱ ሞልቷል፣ ከሁለተኛው ጣሳ በኋላ ደግሞ አንበሳም ይጨምርላችኋል። እኔ የምነግራችሁ የጅብ አደን ነው። ጅብ ገድሎ የፎከረ ሰው አላውቅም። ግን ይህን የተጣመመ ክንዴን ባያችሁ ቁጥር «አያ ገብሬ፣ ምን ሆነው ነው?» እያላችሁ ነፍሴን ስላወጣችኋት ዛሬ ቁጭ በሉ። ስልካችሁን ኪሳችሁ ክተቱ።

ወሩ ነሐሴ ነበር፣ ፍልሰታ ተጋምሶ። እኛ ዋጎች ዝናብ እየለመንን የምንኖር ሰዎች ነን፤ ሰማይ ሰማይ ስናይ አንገታችን ሊቀር ምንም አልቀረው። በዚያ ክረምት የለመንነው ሁሉ አንድ ላይ ወረደ። ማሽላው ሥሩ ታጥቦ ማሳው ላይ ተኛ። ወደ እኛው ዋግ ዝቋላ የሚወስደው መንገድ በየቦታው ተቆርጦ መኪና ካየ ሰንብቷል። ሽማግሌዎቹ እንኳ «እግዜር ሆይ፣ ይበቃናል» ማለት ጀምረው ነበር፤ ይህን ቃል በእኛ አገር ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

ወልዴ የአደን ጓደኛዬ ነው። በዕድሜ ያንሰኛል፣ በእግር ይበልጠኛል። አፉን የፈታው በኽምጥኛ ስለሆነ አማርኛ ሲናገር ቃል ይቆጥባል፤ ለአደን ደግሞ እንዲህ ያለ ሰው ነው የሚፈለገው። ቤቱ ገደል ግርጌ ካለች ትንሽ መንደር ዳር ነበር፤ ግድግዳው ድንጋይ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። ቆርቆሮውን ያለበሰችለት አረብ አገር የምትሠራ እህቱ ናት። ሚስቱ ታደለች ትባላለች። ሀብቴ የሚሉት አንድ ወንድ ልጅ ነበራቸው፤ ከእንጨት ጋር አንድ ጣሳ ይዞ ሲደበድብ የሚውል፣ ጆሮ የሚያደነቁር ልጅ። «ይሄስ ለማኅሌት ነው የተፈጠረው» እያልን እንስቅበት ነበር።

ጅቡ በዚያች መንደር ፍየል አላስቀር ብሏል። በረት ጥሶ ይገባል፣ አንዱን ይዞ ይሄዳል። ኋላ ደግሞ አንድ አህያ ከነሕይወቷ ሆዷን ዘረገፋት። «ጅብ እስኪነክስ ያነክሳል» ይባላል፤ ይሄኛው ግን የእውነት አንካሳ ነበር። ሲነክስ ደግሞ ማነከሱን ይረሳዋል። ወልዴ ሰው ላከብኝ፣ ሄድኩ።

ጎህ ሳይቀድ ልንወጣ ስንል ታደለች «በፍልሰታ አደን? ምን ዓይነት ክርስቲያኖች ናችሁ እናንተ?» አለችን።

«ጅቡ አልጾመማ!» አልኳት።

ሳቀች። ሀብቴ ሌሊቱን ሲያተኩሰው ስላደረ ቅዳሴ እንደማትሄድ ነገረችን። መንደርተኛው ግን ልጅ አዋቂ ሳይል ከወንዙ ማዶ ወዳለው ቤተ ክርስቲያን ሊሄድ እየተሰናዳ ነበር። ልጁ ተኝቶ እንኳ ጣሳውን አልለቀቀም።

አሮጌዋን ምንሽሬን በላስቲክ ጠቅልያለሁ፣ ወገቤ ላይ ሳንጃ ሻጥ አድርጌያለሁ። ወልዴ መጥረቢያና ገመድ ይዟል። ስንቃችን በሶ፣ ጫማችን ኮንጎ። ለጭቃ ከኮንጎ የተሻለ የለም፤ ያ የምትኮሩበት ቦቲ ጫማ አንዴ ውሃ ከገባበት ይዟችሁ ይቀራል። ከፊታችን ውሻዬ መከታ ይሄዳል።

አሁን ልብ በሉ፣ ይሄ ይጠቅማችኋል። ነብር ጥፍሩን ሰብስቦ ይረግጣል። ጅብ አይደብቅም፣ ጥፍሩ ሁሉ መሬት ላይ ይታያል፤ የፊት እግሩም ከኋላው ይተልቃል። የእኛው ጅብ ደግሞ ግራ የፊት እግሩን ወደ ውጭ አዙሮ ነበር የሚጥለው፤ ድሮ የሽቦ ወጥመድ ይዞት ያመለጠ ይመስለኛል። ዱካው ከወልዴ በረት ተነስቶ በገደሉ ጎን ሽቅብ ወጣ። እኛም ወጣን። ረፋዱ ላይ ጉሙ ወረደብን፤ ወልዴን በዓይኔ ሳይሆን በሳሉ ነበር የምከተለው።

አፋፉ ላይ ስንደርስ መሬቱ ተሰንጥቋል። ስንጥቁ አዲስ ነው፤ የሣሩ ሥር ተንጠልጥሎ ይታያል። ውሃው እየተንፎለፎለ እዚያ ውስጥ ይገባል፣ ከሥር ይሰማል። የጅቡ ዱካ እዚያ ደርሶ ወደ ኋላ ተመልሷል። መከታም ቆመ። ብጎትተው፣ ብገፋው፣ ብሰድበው እምቢ አለ።

ወልዴ ጎንበስ ብሎ አየና «መሬቱ አፉን ከፍቷል» አለ።

ብዙም አላወራንበትም። በእኛ አገር መሬት በክረምት ይሰነጠቃል፣ በበጋ ይደፈናል። ዱካው ወዴት እንደዞረ ልንፈልግ ከስንጥቁ ራቅ ብለን ስንሄድ ድምፁ መጣ። ነጎድጓድ መስሎኝ ወደ ሰማይ ቀና አልኩ። ከእግራችን ሥር ነበር። ግንድ ሲሰበር፣ ቋጥኝ ከቋጥኝ ሲላጋ ሰማን፤ ከዚያ የእርጥብ አፈር ሽታ ሽቅብ መጣ፣ አዲስ የታረሰ ማሳ ሽታ። ቅድም የቆምንበት አፋፍ የለም።

«ሀብቴ!» ብሎ ወልዴ ቁልቁል በረረ። ቃል የሚቆጥበው ሰው ያንን ስም እየጮኸ እስከ ታች ወረደ።

ቀጥታ የሚያወርድ መንገድ ስላልቀረ ዞረን ስንደርስ የቤተ ክርስቲያኑ ሕዝብ ቀድሞናል። ከቅዳሴ እንደወጣ፣ ነጠላውን እንዳጣፋ፣ ወንዙን ተሻግሮ መጥቶ ናዳው ዳር ቆሟል። መንደሯ ተርፋለች። የወልዴ ቤት ከነበረበት ግን ጭቃ፣ ቋጥኝና የተነቀለ ግራር ነው ያለው፤ ቤቱ የቱ ጋ እንደነበር እንኳ መለየት አይቻልም። አንድ ጎረምሳ ሰቆጣ ለመደወል ኔትወርክ ፍለጋ ማዶ ጋራ ላይ ወጥቷል። የቀረው ያለቅሳል።

እሜቴ ውዲቱን ልንገራችሁ። የታደለች እናት ናቸው። በዚያ አገር እሳቸው ያልተገኙበት ለቅሶ ለቅሶ አይባልም፤ ከሰሃላ ድረስ ሰው እየተላከ የሚጠሩ አልቃሽ ናቸው። ድምፃቸው ጋራ ይሻገራል። የሌላውን ሰው ሙት ሲያለቅሱ ኖረው ያን ቀን የራሳቸው ደረሰ። ነጠላቸውን ታጥቀው፣ ደረታቸውን እየመቱ ይሉ ነበር፦

«ቆርቆሮ ቢያለብሱት ቤቷ እንዲያምር፣
ተራራው ወረደ፣ አለበሳት አፈር።»

ሕዝቡ ይቀበላል፣ ደረት ይመታል፣ ምድር ይቀወጣል። ጉድ ነው፣ ያን የመሰለ ለቅሶ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልሰማሁም።

ወልዴ እጁን ዘርግቶ ወደ ጭቃው ሲሮጥ ያዙት። ወግ ነዋ! ሐዘንተኛ ይያዛል፤ ራሱን ገደል እንዳይሰድ፣ ፊቱን እንዳይነጭ ይደገፋል። ሐዘንተኛ አካፋም አይነካም፤ የሚቆፍር ጎረቤት ነው። «ልቀቁኝ! ልቆፍር ልቀቁኝ!» ይላል። «አይዞህ፣ የእግዜር ሥራ ነው፣ ጽና» እያሉ የባሰ ያጠብቁታል። ጎልማሶቹ አካፋ ሊያመጡ ሲነሱ ቄሰ ገበዙ መስቀላቸውን ከፍ አድርገው «ቆዩ፣ ምድር ራሷ ቀብራቸዋለች፣ መቃብር አይረገጥም። ፍትሐት ይደረግላቸው» አሉ። ሰውየው ክፉ አይደሉም። ያን ተራራ አይቶ ከሥሩ ሕይወት አለ ብሎ ያሰበ አንድም ሰው አልነበረም፤ እኔም ዳር ቆሜ አለቅስ ነበር።

የመከታ ጸጉር ሲቆም አየሁ። ዞር ብል በአዲሱ ጭቃ ላይ ዱካ አለ፤ ግራ የፊት እግሩ ወደ ውጭ የዞረ። ጅቡ በቀን፣ ያ ሁሉ ሰው ባለበት፣ ጉሙን ተገን አድርጎ ወደ ናዳው መሃል ገብቷል። ምን ሊበላ እንደገባ አዋቂ መጠየቅ አያሻም። ወልዴን ከሰዎቹ እጅ ላስጥለው አልቻልኩም፤ ቢያንስ የሚስቱንና የልጁን ሬሳ ጅብ እንዳይጎትተው ላድርግ ብዬ ገባሁ።

ጭቃው ገና አልረጋም። ከላይ ትንንሽ ድንጋይ ይንከባለላል፤ በተንከባለለ ቁጥር ሽቅብ አያለሁ። ጅቡ የረገጠበትን ብቻ ነበር የምረግጠው፤ ከሥሩ ቋጥኝና ግንድ ያለበትን መርጦ ነው የሄደው፣ ሞኝ አይደለም። አንድ ቦታ ስቼ እስከ ጭኔ ሰመጥኩ። በግራር ሥር ተንጠላጥዬ ስወጣ አንዷን ኮንጎዬን ጭቃው አስቀራት፤ እስከ ዛሬ እዚያው ናት።

አንድ ነገር ግራ አጋባኝ። ዱካው ጥቂት ይሄድና ይቆማል። አራቱም እግሩ ጠለቅ ብሎ ይታያል፣ ከዚያ አቅጣጫ ቀይሮ ይሄዳል፣ እንደገና ይቆማል። ጅብ እንዲህ የሚቆመው ሲያዳምጥ ነው። ሬሳ ደግሞ ድምፅ የለውም። ታዲያ ምን ያዳምጣል? ብዬ እያሰብኩ የመከታን አንገት ይዤ ሄድኩ።

ጉሙ ገለጥ ሲል አየሁት። የተጣጠፈ ቆርቆሮ ከጭቃው ብቅ ብሏል፤ ጅቡ ጀርባውን ሰጥቶኝ በፊት እግሮቹ ሥሩን እየቆፈረ ነው፣ ጭቃው እኔ እግር ሥር ድረስ ይረጫል። ራሱ ጉድጓዱ ውስጥ ገብቷል። ከእኔ እስከ እሱ ከዚህ እስከዚያ በር አይሞላም። ምንሽሬን አነሳሁ። ጣቴ ቃታው ላይ ነበር።

ኳ። ኳ፣ ኳ።

ጣሳ ነው። ያንን ጣሳ ጆሮዬ ያውቀዋል።

እግዚኦ! ብተኩስ ጥይቱ ጅቡን በስቶ ቀጥታ እዚያ ውስጥ ነው የሚገባው። ጠመንጃዬን ጣልኩና ሳንጃውን መዘዝኩ። ጅቡ ሰማኝ፤ ራሱን አውጥቶ ዞረ። የሚሸሽበት ቦታ የለውም፤ ከኋላው ቆርቆሮ፣ ከፊቱ እኔ። የአፉ ክርፋት ቀድሞ መጣ። ዘሎ ሲመጣ ግራ ክንዴን አቀበልኩት፤ ሌላ የማቀብለው አልነበረኝም። አጥንቴ ሲሰበር ከሥቃዩ በፊት ድምፁን ሰማሁ። መከታ ከኋላ እግሩን ይዞ ይጎትተዋል፣ እኔ ከአንገቱ ሥር ሳንጃውን ደጋግሜ እሰድበታለሁ፣ ሦስታችንም ወደ ቁልቁለቱ እንንሸራተታለን። አንድ ቋጥኝ ባይዘን ገደል ገብተን ነበር። ጅብ ሲሞትም መንጋጋውን አይለቅም፤ በሳንጃው ፈልቅቄ ነው ክንዴን ያወጣሁት።

በሆዴ ተሳብኩና አፌን ጉድጓዱ ላይ አድርጌ «ታደለች!» አልኩ።

«ማነህ?» አለች። ድምፅዋ ከጉድጓድ ውሃ ሥር የሚወጣ ይመስላል። «አያ ገብሬ? ልጁን! ልጁን ቶሎ፣ ትንፋሹ እያጠረ ነው።»

ቆርቆሮው ታጥፎ በላያቸው ደርቦ ነበር የቆየው። ምሰሶ ተጋድሞበታል፣ ምሰሶው ላይ ቋጥኝ አለ። አንድ እጅ ያለው ሰው የሚያነቃንቀው አይደለም። ወደ ሕዝቡ ዞሬ ጮህኩ። ጉሙ ከልሎኛል፤ ለቅሶው ጩኸቴን ዋጠው። ተኩስ ቢሰሙ ይደነግጡና ዝም ይላሉ ብዬ ምንሽሯን ከጭቃው አንስቼ፣ በጉልበቴ ደግፌ ወደ ሰማይ ተኮስኩ።

ከናዳው ዳር ተኩስ መለሰልኝ። አንድ፣ ሌላ፣ ከዚያ በየተራ። ከቅዳሴ ሲወጣ ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ጠመንጃውን አንስቶ የመጣ ሁሉ ይተኩስ ጀመር። እናንተም ታውቁታላችሁ፣ በእኛ አገር ለቅሶ ላይ ጥይት የሟች ክብር ነው። አያ ገብሬ ለጓደኛው ቤተሰብ ተኮሰ ብለው ነው። ለቅሶው ከቅድሙ እጥፍ ሆነ። በተኩሱ መሃል ከበስተጀርባዬ ጣሳው ኳ አለ፣ ቆየና አንዴ ኳ አለ።

እንዴት ተመልሼ ጭቃውን እንደተሻገርኩ አላውቅም። «ዝም በሉ! አሉ! በሕይወት አሉ!» እያልኩ ሕዝቡ መሃል ገባሁ። ደም ለብሼ፣ ባንድ እግሬ ጫማ፣ ሳንጃ በእጄ። ቄሰ ገበዙ አዩኝና «ሐዘን አናቱ ላይ ወጥቶበታል፣ ያዙት!» አሉ። ያዙኝ! እኔንም እንደ ወልዴ ግራና ቀኝ ያዙኝ። «አይዞህ፣ ጽና» ይሉኛል! በተሰበረው ክንዴ የያዘኝን ሰው በግምባሬ መታሁትና አመለጥኩ። ሄጄ ሳንጃውን ጣልኩና የእሜቴ ውዲቱን አፍ በመዳፌ ከደንኩ።

በለቅሶ መሃል የአልቃሽን አፍ፣ ያውም የእናትን አፍ መድፈን ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም። ሰው ይገደልበታል። ሕዝቡ ከድንጋጤው ጸጥ አለ።

በዚያ ጸጥታ ውስጥ ሁላችንም ሰማን። ሩቅ፣ ቀጭን የሴት ድምፅ፦ «እማዬ!»

ከዚያማ ምን ልበላችሁ። ወልዴ አምስት ሰው ጥሎ ሮጠ። ቄሰ ገበዙ ካባቸውን አውልቀው በእጃቸው ቆፈሩ። በነጠላ ጭቃ እየተጫነ ወጣ፣ በወልዴ ገመድ ቋጥኙ ተጎተተ። መጀመሪያ ታደለች ወጣች። ቀጥሎ ሀብቴን በእቅፏ እንዳለ አወጣነው። ገላው ገና ይሞቃል። ወልዴ አፉን አፉ ላይ አድርጎ ተነፈሰለት፣ ደረቱን አሸው፣ ስሙን በኽምጥኛ እያቆላመጠ ጠራው። ልጁ አልመለሰም። ጣሳውን ከጣቶቹ ያላቀቅኩት እኔ ነኝ።

እሜቴ ውዲቱ ልጃቸውን አቅፈው ጭቃዋን ሲጠርጉ ታደለች ቀና ብላ አየቻቸው። አልጮኸችም። «እማዬ» አለች፣ «ድምፅሽን ሲሰማ እማማ መጣች አለ፣ ደስ አለው። ጣሳውን እየመታ ሲጠራሽ ቆየ። ቆይ፣ ዝም ስትል ትሰማሃለች እያልኩ አባበልኩት። አንቺ ግን ዝም አላልሽም።»

እሜቴ ውዲቱ አፋቸውን በገዛ መዳፋቸው ከደኑ። በቀብሩም ላይ አላለቀሱም። ከዚያ ወዲህ ማንም ሞቶ አላለቀሱም። ለስንት ሰው እንዲያ ያለቀሱ ሴት የልጅ ልጃቸውን ያለ አንዲት ግጥም ቀበሩት።

የመንግሥት ሰዎች መንገዱ ሲጠገን መጡ። ዱቄት አመጡ፣ ድንኳን አመጡ፣ ናዳው ላይ ቆመው ፎቶ ተነሱ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው። አንዱ ወጣት ባለሥልጣን «ለምን ፈጥናችሁ አልቆፈራችሁም?» ብሎ ጠየቀን። ምን ብለን እንመልስለት? እያለቀስን ነበር እንበለው?

ወልዴና ታደለች ያንን አገር ጥለው ሰቆጣ ገቡ። እሱ የቀን ሥራ ይሠራል። አደን ና ስለው እምቢ አለኝ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሆስፒታል ክንዴን ሊጠይቅ መጥቶ «ጅቡ ነው የሰማው፣ አይደል?» አለኝ። «አዎ» አልኩት። ራሱን ነቀነቀና ወጣ። እኔም ከዚያ ወዲህ ጅብ አልገደልኩም፤ ያን ቀን ከመንደሩ ሁሉ ያዳመጠው እሱ ብቻ ነበር። ለሆዱ ነው ያዳመጠው፣ አውቃለሁ። እኛስ ለማን ብለን ነበር የጮህነው?

ክረምት በመጣ ቁጥር ክንዴ ይጠዘጥዘኛል። ለቅሶ ቤት ስሄድ መጀመሪያ ዝም ብዬ እቆማለሁ፤ ልበ ደንዳና ይሉኛል፣ ይበሉኝ። እናንተም የአደን ብልሃት አስተምረን ስትሉኝ የማስተምራችሁ ይችኑ ነው፤ ጠመንጃ አያያዝ ማንም ያሳያችኋል። አምና በማዶው ቀበሌ ትንሽ ናዳ ወርዶ ሰው ተሰብስቦ እሪ ሲል እሜቴ ውዲቱ በዚያ እርጅናቸው በምርኩዝ ደረሱ አሉ። ምርኩዛቸውን አንስተው ሕዝቡን ዝም አሰኙ፤ ከዚያ ጭቃው ላይ ተኝተው ጆሮአቸውን ምድር ላይ አደረጉ። ከሥሩ ያለው ፍየል ብቻ መሆኑን ቢነግሯቸውም እስኪመሽ አልተነሱም። እኔም ስሞት ቶሎ ሰው ልካችሁ እሳቸውን አስጠሩልኝ። መጥተው ደረቴን አዳምጠው «አሁን አልቅሱ» እስኪሉ ድረስ ማንም አፉን እንዳይከፍት።